ዱካ የማይቀርበት መንገድ

በሸኮ ጫካ ውስጥ የሚኖር መምህር ስለ ውቅያኖስ መንገድ ሲጽፍ ምናልባት ትታዘቡት ይሆናል። ሆኖም ከቴፒና ከሚዛን ተፈሪ የሚጫነው ቡና በመኪና ወደ አዲስ አበባ ወጥቶ፥ ከዚያም ወደ ጅቡቲ ወርዶ በመርከብ የሚሻገር ስለ ሆነ ባሕር ከኑሮአችን ውጪ ነው ለማለት አይቻልም። በዚህ ወር የምንነጋገረው ግን ሸቀጥ ስለማይጭኑ መርከበኞች ነው፤ ይኸውም በሸራ ጀልባ ዓለምን ዞረው ለመመለስ ስለሚሽቀዳደሙት ነው።

የቡናችን የተለመደ መንገድ በባብ ኤል መንደብ ገብቶ፥ ቀይ ባሕርን አቋርጦ፥ በ1862 ዓ.ም. በተከፈተው በስዊዝ ቦይ የሚወጣው ነው። ይህ ግን ሞተር ላለው መርከብ ነው። ለሸራ ጀልባ ቅርብ መንገድ ማለት ነፋስ ያለበት መንገድ ነው። ስለዚህ ተወዳዳሪዎቹ ቦዩ ከመቆፈሩ በፊት የነበሩት መርከበኞች ይሄዱበት የነበረውን የጥንቱን መንገድ ይከተላሉ። በቤቱ ካርታ ያለው ሰው ከልጆቹ ጋር በጣቱ እየተከተለ ያንብብ። ከአውሮፓ ተነሥተው በአትላንቲክ ወደ ደቡብ ይወርዳሉ፤ በምድር ወገብ አቅራቢያ ነፋስ የሚጠፋበትን ስፍራ ታግሠው ያልፋሉ፤ የአፍሪቃን ደቡባዊ ጫፍ በግራ ትተው ወደ ምሥራቅ ይዞራሉ። አውስትራልያም እንዲሁ በግራ ይቀራል። በመጨረሻ የደቡብ አሜሪካን ጫፍ፥ ኬፕ ሆርንን፥ ዞረው ወደ ሰሜን ይመለሳሉ። መንገዱ በጠቅላላው ወደ 50 ሺህ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከደቡብ ኬክሮስ 40 ዲግሪ በታች የምዕራቡን ነፋስ የሚያግድ ምድር የለም ማለት ይቻላል፤ ነፋሱ ዓለምን ሲዞር ማዕበሉም አብሮት እየገዘፈ ይዞራል። የሚያፈጥናቸውም የሚያሰጥማቸውም ይኸው አንድ ነፋስ ነው።

ለጾመኞች የሚሆን አንድ ነገር ልጨምር። ወደ ምሥራቅ የሚዞር ሰው ፀሐይ በየቀኑ ጥቂት ቀድማ ስለምትወጣለት፥ ዙሪያውን ሲፈጽም በአገር ቤት ካሉት አንድ ቀን አብልጦ ቆጥሮ ይገኛል። ወደ ምዕራብ የዞሩት የማጄላን መርከበኞች ግን በ1514 ዓ.ም. ሲመለሱ አንድ ቀን ጐድሎባቸው፥ እነርሱ ረቡዕ ያሉትን ቀን የየብስ ሰዎች ሐሙስ ሲሉት ሰምተው ተደነቁ። ረቡዕና ዓርብን ለሚጠብቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በእኛ ጫካ ሰው ያለፈበት ቅጠል ይታጠፋል፥ ጭቃውም ዱካውን ይይዛል። ባሕር ግን ወዲያው ይከደናል፤ የመርከበኛው መንገድ በመዝገቡ ላይ ብቻ ይቀራል። በ1960 ዓ.ም. ሰንዴይ ታይምስ የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ ብቻውን ሆኖ ወደብ ሳይነካ ዓለምን ለሚዞር ሰው ሽልማት ባቆመ ጊዜ ይህ ነገር በግልጥ ታየ። ለመጀመሪያው ደራሽ ‹ወርቃማ ሉል› የተባለ ዋንጫ፥ በአጭር ጊዜ ለሚፈጽመው ደግሞ 5,000 ፓውንድ ተመደበ። ዘጠኝ ሰዎች ተነሡ፤ ጉዞውን የፈጸመው አንድ ብቻ ነው።

እርሳቸውም ሚስተር ሮቢን ኖክስ ጆንስተን ናቸው። ርዝመቷ 10 ሜትር ያህል በሆነች፥ በቦምባይ በተሠራች ጀልባ ሰኔ 7 ቀን 1960 ዓ.ም. ተነሡ። ራዲዮናቸው ተበላሸ፤ ከኒው ዚላንድ ወዲህ ለወራት ወሬአቸው ስለ ጠፋ ሞተዋል ተብሎ ተፈርቶ ነበር። ከ312 ቀን በኋላ፥ ሚያዝያ 14 ቀን 1961 ዓ.ም.፥ ወደ ተነሡበት ወደብ ገቡ። ሙሴ ቤርናር ሞይተሲዬ የተባሉት ፈረንሳዊ ኬፕ ሆርንን ካለፉ በኋላ ሽልማቱን ንቀው እንደ ገና ወደ ምሥራቅ ሄዱና ታሂቲ ደሴት ገቡ። አንዳንዶች ይህን እንደ ምናኔ ያዩታል፤ እኔ ግን በቤት የምትጠብቅ ሚስት ነበረቻቸውና ለማድነቅ እቸገራለሁ።

ሚስተር ዶናልድ ክሮኸርስትም ለወራት ዝም ብለው ነበር፤ የእርሳቸው ዝምታ ግን ሌላ ነው። ጥቅምት 21 ቀን 1961 ዓ.ም.፥ በውድድሩ ሕግ የመጨረሻ በሆነው ዕለት፥ ሳይዘጋጁ ተነሡ። ጀልባቸው የደቡቡን ማዕበል እንደማትችል ተረዱ፤ እንዳይመለሱም የዕዳ ውል ነበረባቸው፥ ሚስትና አራት ልጆችም በቤት ነበሩ። ስለዚህ በአትላንቲክ እየተመላለሱ፥ ያልደረሱበትን ስፍራ ደርሻለሁ እያሉ በራዲዮ ያስታውቁ ጀመር። እውነተኛውን ስፍራ ለብቻ እየመዘገቡ፥ ሐሰተኛውን በሒሳብ ይፈጥሩ ነበር። ለተማሪ ሒሳብ የሚያርም ሰው እንደሚያውቀው፥ ያልሄዱበትን መንገድ ከፀሐይና ከከዋክብት ጋር አስማምቶ መፈልሰፍ የሄዱበትን ከመመዝገብ ይልቅ እጅግ ይከብዳል።

ሚስተር ናይጀል ቴትሊ ደግሞ ዓለሙን ዞረው ወደ አገራቸው ሲቃረቡ፥ ክሮኸርስት ከኋላ የደረሱባቸው መስሎአቸው የተጐዳችውን ጀልባቸውን ያለ ዕረፍት አስሮጡ። ግንቦት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. በአዞረስ ደሴቶች አጠገብ ሰጠመችባቸው፤ ነፍሳቸው ብቻ ተረፈች። ክሮኸርስት ወደ ኋላ ቀርተው መዝገባቸው ሳይመረመር እንዲያልፍ ተስፋ አድርገው ነበር፤ ቴትሊ ከሰጠሙ ወዲህ ግን የገንዘቡ ሽልማት ወደ እርሳቸው መጣ፥ ምርመራውም አብሮ መጣ። ሐምሌ 3 ቀን ጀልባቸው ባዶዋን ስትንሳፈፍ ተገኘች፤ እውነተኛው መዝገብ በውስጧ ነበረ። ኖክስ ጆንስተን 5,000 ፓውንዱን ለሟቹ ሚስትና ልጆች ሰጡ።

ይህ ውድድር በ2010 ዓ.ም. ታድሶአል። መርከበኞቹ እንደ ጥንቱ በፀሐይና በከዋክብት መንገዳቸውን እንዲፈልጉ ሲታዘዙ፥ አዘጋጆቹ ግን የእያንዳንዱን ጀልባ ስፍራ በሳተላይት ይከታተላሉ። በሦስተኛው ውድድር፥ ኅዳር 9 ቀን 2015 ዓ.ም.፥ የፊንላንዳዊው የታፒዮ ሌህቲነን ጀልባ ከደቡብ አፍሪቃ ወዲያ ሰጠመች። ደቡብ አፍሪቃዊቷ ኪርስተን ኖይሼፈር የውድድር መንገዳቸውን ለቀው ሌሊቱን ወደ እርሳቸው ሄዱ፤ በማግሥቱ ከመንሳፈፊያው ላይ አውጥተው ለአንድ የጭነት መርከብ አስረከቡአቸው። ከዚያም ሸራቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው ጉዞአቸውን ቀጠሉ፤ ሚያዝያ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ከሁሉ ቀድመው ፈረንሳይ አገር ገቡ።