የጠፋው ቻትም ይመሰክራል

ቴሌግራም ላይ «አውቶ ዲሊት» የምትጠቀሙ ስንቶቻችሁ ናችሁ? በአዘቦት ቀን ችግር የለውም። መሥሪያ ቤታችሁ ሲከሰስ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የጉግልን ጉዳይ እንይ።

የፎርትናይት ጌም ባለቤት ኤፒክ ጌምስ በ2020 እ.ኤ.አ. በፕሌይ ስቶር ጉዳይ ጉግልን አሜሪካ ውስጥ ከሰሰ። በአገሩ ሕግ የተከሰሰ ድርጅት የሠራተኞቹን ቻት ጨምሮ ማስረጃ የሚሆነውን ሁሉ ማቆየት አለበት። የጉግል ሠራተኞች የሁለትዮሽ ቻት ግን «ሂስትሪ» ካልበራ በ24 ሰዓት ይጠፋ ነበር። ኩባንያው ማጥፊያውን አላስቆመም፤ የትኛው ይቀመጥ የሚለውን ለሠራተኞቹ ተወው።

ዳኛ ጄምስ ዶናቶ ይህን አልተቀበሉም። የጠፋው ቻት ጉግልን የሚጎዳ ነገር ነበረው ብለው መገመት እንደሚችሉ ለጁሪው ነገሩ። በታኅሣሥ 2023 እ.ኤ.አ. ጁሪው በሙሉ ድምፅ ለኤፒክ ፈረደ።

ለእኛ ትልቁ ነጥብ ይሄ ነው፦ የቆየ ቻት ቢያንስ ሊብራራ ይችላል፤ የጠፋው ግን ለመጥፎ ግምት በር ይከፍታል።

አሜሪካ የምትሠሩ፣ የሥራ መልእክት በግል ስልካችሁ የምትላላኩ፣ «ማስረጃ አቆዩ» የሚል ደብዳቤ ከደረሳችሁ መጀመሪያ ታይመሩን ዝጉት። ስልክ ከመቀየራችሁ ወይም ሪሴት ከማድረጋችሁ በፊትም የድርጅቱን የሕግ ክፍል ጠይቁ።