«ፎካል ተመድቧል» ማለት መምራት አይደለም

ይሄ ፖስት ይረዝማል፤ የቸኮለ ሰው ማታ ቡና ይዞ ይመለስበት።

በዚህ ሳምንት አንድ ክምር ወረቀት ፈርም ተባልኩ። የካይዘን ቡድን ቃለ ጉባኤ ነው። የስድስት ወር፣ በየሁለት ሳምንቱ አንድ፣ በድምሩ 12። ሁሉም በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ቀን፣ ቀኑ ወደ ኋላ ተቆጥሮ የተጻፈ። ከ12ቱ ስብሰባ የተካሄደው አንድ ነው፤ እሱም የዋንጫ ጨዋታ ስለነበረ ቶሎ ተበተነ። ኢንስፔክሽን ሊመጣ ነው፣ ፋይሉ መሙላት አለበት። አልፈርምም አልኩ። «አንተ እኮ የጥራት ፎካል ነህ፣ ያልሠራኸው አንተ ነህ» ተባልኩ። ትምህርት ቤቱን አልጠራውም፤ ደግሞም የእኛ ብቻ አይመስለኝም።

እውነት ነው፣ ሁለት ዓመት ፎካል ነበርኩ። 5ቱን «ማ»ዎች፣ ከማጣራት እስከ ማዝለቅ፣ በቀለም ጽፌ ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ላብራቶሪው ውስጥ የተሰበረውን ለይቼ ዝርዝር ያቀረብኩትም እኔ ነኝ። የተሰበረው ይወገድ ዘንድ ፊርማ ያስፈልጋል፤ ፊርማው የእኔ አይደለም። የጎደለው ይገዛ ዘንድ በጀት ያስፈልጋል፤ በጀቱም የእኔ አይደለም። የላብራቶሪው ቁልፍ እንኳ ንብረት ክፍል ነው፣ ንብረት ክፍሉ ደግሞ ብዙ ጊዜ ስልጠና ላይ ነው። ታዲያ በእጄ ምን ነበረ? ቀለሙ።

«ዲፕሎማ ይዞ ስለ ጥራት ሥራ አመራር ምን አገባው» የምትሉ ትኖራላችሁ። እሺ፣ ከእኔ አትስሙ። አይኤስኦ 9001 የሚባለውን የጥራት ሥራ አመራር ደረጃ ጠይቁት። በቀድሞው እትሙ እያንዳንዱ ድርጅት «የሥራ አመራር ተወካይ» የሚባል ሰው እንዲመድብ ያዝ ነበር። የእኛ ፎካል ማለት ነው። ምን ሆነ? ብዙ ቦታ አለቃው ጥራትን ለተወካዩ አስረክቦ ወደ ሌላ ጉዳዩ ሄደ። በፈረንጆቹ 2015 በወጣው እትም ተወካይ የመመደብ ግዴታው ተነሣ። በምትኩ ስለ መሪነት አንድ ሙሉ ምዕራፍ ገባ፦ ሥርዓቱ ውጤት ማምጣቱን የሚጠየቅበት የበላይ አመራሩ ነው፤ የሚያስፈልገውን ሀብት ማቅረብ አለበት፤ ጥራት ከዕለት ሥራው ጋር መዋሃዱን ማረጋገጥ አለበት፤ በተወሰነ ጊዜ ራሱ ተቀምጦ መገምገም አለበት። ሥራውን ለሌላ መስጠት ይችላል፣ ተጠያቂነቱን ግን አይችልም። ዓለም የጣለውን እኛ አንሥተን ደብዳቤ እንጽፍበታለን።

ካይዘንም ቢሆን ያለ አለቃ አልገባም። ወደ አገራችን የመጣው የዚያን ጊዜው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ራሳቸው ጃፓኖችን ጠይቀው ነው። በ30 ፋብሪካዎች ተሞክሮ፣ በፈረንጆቹ 2011 ኢንስቲትዩት ተቋቋመለት። ከላይ የፈለገው ሰው ስለነበረ መጣ። እኛ ዘንድ ሲደርስ ፖስተር ሆነ።

አሁን ወደምናውቀው እንምጣ፣ ወደ ቡናችን። ሬኮ የሚለው ስም እኮ ባሕር ማዶ በቡና ከረጢት ላይ ታትሞ ይሸጣል። ይሄ ስም በመፈክር አልመጣም። ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር እሸት ይዤ መፈልፈያ ሳይት ስሄድ ሁለት ዓይነት ተረካቢ አይቻለሁ። አንደኛው ቅርጫቱን አልጋው ላይ ዘርግፎ፣ አረንጓዴውንና ከመጠን በላይ የበሰለውን ለቅሞ፣ «ይሄን መልሺ» የሚል። እናቴ በእሱ ትናደድ ነበር፣ ግን በማግስቱ ቀይ ቀዩን ብቻ ትለቅማለች። ሌላኛው ሁሉንም በአንድ ዋጋ መዝኖ የሚቀበል። እሱ ዘንድ ስንሄድ እኔም አረንጓዴውን ከሥር አድርጌ ቀዩን ከላይ አለብሰው ነበር። ይቅር ይበለኝ።

ለቃሚዋ ያው አንዷ እናቴ ናት፤ የተለየው ከሚዛኑ ጀርባ የቆመው ሰውና እሱን «ዝም ብለህ ተቀበል፣ ኪሎ ሙላ» ያለው ባለቤት ነው። ከዚያ በኋላ ቡናው ዲላ ምርት ገበያ ሄዶ ጥሬው ይታያል፣ ስኒው ይቀመሳል፣ ደረጃ ይወጣለታል። ቀማሹ ጣዕም አይጨምርም። በመፈልፈያው የተበላሸውን ነው የሚነግርህ።

የ12ኛ ክፍል ፈተናም ቅምሻ ነው። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4። በ2015 አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። ከእኛ ግቢ ያለፉትን በአንድ እጄ ጣት ቆጥሬ ጣት ተርፎኛል። ኩረጃው መቆሙን እደግፋለሁ፣ ሚዛኑ እውነተኛ ሆኗል። ግን ውጤቱ በወጣ ማግስት ስብሰባው ምን አለ? መምህሩ ሰነፈ፣ ተማሪው ቲክቶክ ላይ ነው፣ ወላጅ አልተከታተለም። ለቃሚው፣ ለቃሚው፣ ለቃሚው። የተረካቢው ስም አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሣም።

መምህር አይሰንፍም አልልም። አርፍደን እንገባለን፣ የዓመት ዕቅድ ካምናው እንገለብጣለን፣ እኔንም ጨምሮ። ነገር ግን ኤድዋርድ ዴሚንግ የሚባለው፣ ጃፓኖች በጥራት ጉዳይ የሰሙት አሜሪካዊ፣ በልምዱ ሲገምት ከችግሮች 94 በመቶው የሥርዓቱ ነው፣ ሥርዓቱም በአመራሩ እጅ ነው ብሏል። ቁጥሩን 70 አድርጉት ብትሉም አልከራከርም። ከ6ቱ ጋር ብቻ ስንታገል መኖራችን ነው የሚያናድደኝ።

ለርዕሰ መምህራንም ልፍረድ። ባስተማርኩባቸው 11 ዓመታት 6 ርዕሰ መምህራን አይቻለሁ። አንዱ የላብራቶሪውን ነገር ገብቶት፣ ከወረዳ ጋር ተጨቃጭቆ፣ ሊያስከፍት ሲል በኅዳር ተዛወረ። ጌዴኦ በባሌ ሥርዓቱ አባ ገዳውን 8 ዓመት ያስቀምጣል፤ እኛ ትምህርት ቤት የሚመራን ሰው ሁለት ዓመት አናስቀምጥም። በሰኔ ያቀደ ሰው በጥር ከሌለ ማንን ትጠይቃለህ? ስለዚህ ጥያቄው ከግቢው በር ወጥቶ ወደ ወረዳም፣ ወደ ዞንም ይሄዳል። እነሱም ወደ ታች ሲወርዱ የሚጠይቁት «ፋይል አለ ወይ» ብለው ነው። 26ቱን የኢንስፔክሽን ስታንዳርዶች በፋይል ከመዘንክ ፋይል ይመረትልሃል፤ እኔ አረንጓዴውን ከሥር እንዳደረግኩት ማለት ነው። እስቲ አንድ ቀን አንድ ኃላፊ መጥቶ ፋይሉን ሳይከፍት የላብራቶሪውን በር ይክፈት።

ለማንኛውም ማክሰኞ ኢንስፔክሽን አለን። የእኔ ፋይል ውስጥ አንድ ቃለ ጉባኤ ብቻ አለ፣ የዋንጫው ቀን። የ11ዱ ቦታ ባዶ ነው፤ ለምን ባዶ እንደሆነ በአንድ ገጽ ጽፌ ከዝርዝሩ ኮፒ ጋር አያይዣለሁ። ከፎካልነት ካነሡኝ ደስታዬ ነው፤ ደብዳቤውን እዚህ እለጥፋለሁ።

እናንተ ወረዳና ዞን የገባችሁ፣ ባንክና ሆስፒታል የገባችሁ ልጆቼ፣ ሁለት ሦስታችሁ ኃላፊ ሆናችኋል ብለውኛል። በሥራችሁ ስንት ፎካል መድባችኋል? ከእነሱ አንዱ ባለፈው ወር ምን ጠየቃችሁ፣ ምን መለሳችሁለት? ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፤ የመሥሪያ ቤት ስም ግን አትጥሩ።