ለርካሽ ቢራ የቆመ ጥብቅና

ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ካሉት መዝናኛዎች በአንዱ፣ ከግጥም ንባብ በኋላ አምስት ስድስት ሆነን ተቀምጠን ነበር። አስተናጋጇ ስትመጣ ሁሉም እንደየፍላጎቱ አዘዘ፤ እኔም እንደ ልማዴ ዳሽን አልኩ። ከጎኔ የነበረው ገጣሚ ወዳጄ ቀና ብሎ አየኝና «አንተ ሰው፣ በጽሑፍ እንዲህ መራጭ ሆነህ በመጠጥ ርካሽ ትወዳለህ?» አለኝ። ሰው ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን ቃሉ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ውስጥ ተሰንቅሮ አደረ። ይህ ጽሑፍ ያን ምሽት ሳልመልሰው የቀረሁት መልስ ነው፤ ትንሽ ቢረዝም አንባቢ ይታገሠኝ።

በቋንቋችን «ርካሽ» የሚለው ቃል ሁለት ሸክም ተሸክሟል። ዋጋው ዝቅ ያለውን ዕቃ ርካሽ እንላለን፤ ክብር ያጣውንም ሰው ርካሽ እንላለን። «ውድ» ደግሞ በተቃራኒው የማይቀመሰውንም ዕቃ፣ የምንወደውንም ሰው ይጠራል፤ «ለውድ እናቴ» ብለን ደብዳቤ የምንጀምረው በዚሁ ቃል ነው። እንግዲህ ቋንቋው ራሱ ገና ሳንቀምስ ፈርዶልናል ማለት ነው። ወዳጄ ያን ምሽት ስለ ቢራው የተናገረ መስሎት የተናገረው ስለ ጠጪው ነበር።

ተወልጄ ያደግሁት ደልጊ ነው። ለማያውቃት አንባቢ፣ ደልጊ ከጣና በስተምዕራብ፣ ወደ ሰሜኑ ጠጋ ብላ የምትገኝ የጣቁሳ ወረዳ ከተማ ናት። በልጅነቴ ከባሕር ዳር ተነሥታ በዘጌ፣ በደቅና በቁንዝላ አድርጋ ወደ ጎርጎራ የምትሻገረው «ጣና ነሽ» እኛ ዘንድ ትቆም ነበር። ከእሷ የሚወርደውን ጭነት ለማየት የማይሮጥ ልጅ አልነበረም። ጨው ይወርዳል፣ ሳሙና ይወርዳል፣ የዘጌ ጌሾ በጆንያ ይወርዳል፤ ከሁሉ በኋላ፣ በሁለት ሰው ተይዞ፣ እየተንቀጫቀጨ የቢራ ሳጥን ይወርዳል። ለእኛ ለልጆቹ ቢራው ምናችንም አልነበረም፤ የምንጠብቀው ቆርኪውን ነው። ዳማ የምንጫወተው በቆርኪ ነበርና፣ አንዱ ወገን ፊቱን ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ደፍቶ።

በዚያ ዘመን ቢራ የደመወዝተኛ መጠጥ ነበር። አስተማሪው፣ የግብርና ሠራተኛው፣ ከጎንደር የመጣው ሾፌር ይጠጡታል። ገበሬውና ዓሣ አጥማጁ የሚገቡት ደጃፋቸው ላይ በእንጨት ጫፍ ጣሳ ከተደፋባቸው ቤቶች ነው። ከነዚያ ቤቶች አንዱ የእናቴ ነበር። ደብተሬም እርሳሴም የተገዛው በዳጉሳ ጠላ መሆኑን ቀድሜ መናዘዝ ይኖርብኛል፤ ነገሬ ወደኋላ ወደዚያው ይመለሳልና።

እኔ ራሴ ቢራ የቀመስሁት በ1996 ዓ.ም. ጎንደር ላይ፣ የመጀመሪያ ደመወዜን በተቀበልሁበት ቀን ነው። ዳሽን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2000 የተቋቋመ ነውና ያኔ ገና አዲስ ነበር፤ ከተማዋም እንደ በኩር ልጅ ታየው ነበር። አንድ ጠርሙስ ከአሥር ብር በታች ነበር። የዛሬውን ዋጋ አልጽፍም፣ እናንተ ይህን እስክታነቡ ይለወጣልና። የመጀመሪያው ጉንጭ መረረኝ፤ ሁለተኛው ገብስ ገብስ አለኝ፤ በሦስተኛው የእናቴን ጓዳ አስታወሰኝ። ብቅል ማለት ብቅል ነው፣ በፋብሪካ ይብቀል በሰፌድ።

እስቲ ርካሽ የምንለው ቢራ ምን እንደሆነ እንይ። የአገራችን የፋብሪካ ቢራዎች አብዛኞቹ ላገር የሚባለው ወገን ናቸው። የገብስ ብቅል፣ ውኃ፣ ሆፕስና እርሾ፣ እንደየፋብሪካውም ጥቂት ሌላ እህል ይገባባቸዋል፤ የአልኮል መጠናቸውም ከ5 በመቶ እምብዛም አይርቅም። ላገር የሚፈላው በብርድ ነው፤ ከፈላም በኋላ በቀዝቃዛ ጋን ውስጥ ሳምንታት ተኝቶ ይጠራል። ይህ ዓይነት ቢራ መደበቂያ የለውም። ጥቁሩና ወፍራሙ ቢራ ስሕተቱን በቆላው ብቅል ሽታ ይሸፍናል፤ ቀጭኑና ወርቃማው ግን ጠማቂው አንድ ቀን ቢሰንፍ ወዲያው ያሳብቃል። አጭር ግጥም እንደመጻፍ ያለ ነው፤ አንድ ቃል ሲሳሳት የማይታይበት ቦታ የለም። ስለዚህ ዓመት እስከ ዓመት፣ በሚሊዮን ጠርሙስ፣ ያንኑ ጣዕም ይዞ መገኘት የሚናቅ ሙያ አይደለም። ጊዮርጊስ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1922 ተጀምሮ መቶ ዓመት አልፎታል። በደርግ ተወርሶ፣ በኋላም ለፈረንሳዩ ካስቴል ተሽጦ፣ ጠጪው ግን ዛሬም «ጊዮርጊስ» ብሎ ሲጠራ ምን እንደሚመጣለት ያውቃል። በዚህ አገር እንዲህ ቃሉን የጠበቀ ስንት ነገር አለን?

የእኔን ፍርድ ለሚፈልግ እነሆ። ጊዮርጊስ ቀለል ያለ፣ ምላስን ነክሶ ቶሎ የሚለቅ፣ ከጥብስ ጋር የሚስማማ ነው። ዳሽን ብቅሉ ይበረታል፣ መጨረሻው ላይ ጥቂት ይጣፍጣል፤ ያለ ምግብ፣ ወደ ማታ፣ ነፋስ ከሐይቁ ሲነሣ ይጠጣል። ሐረር መረር ይላል፤ በደሌ ይለሰልሳል። ድራፍት ደግሞ፣ ቧንቧው በየጊዜው ከሚታጠብበት ቤት ከተገኘ፣ ከሁሉም ይበልጣል፤ አንድ ጃምቦ ከጠርሙሱ እየረከሰ ከጠርሙሱ የሚሻልበት ቀን ብዙ ነው። ቧንቧው በማይታጠብበት ቤት ግን ሆምጣጤ ነው፤ ስሙን የማልጠራው አንድ ቤት እንዲህ ሆኖብኝ ሁለት ቀን ሆዴን ይዤ ተኝቻለሁ። ያም ሆኖ ጥፋቱ የቧንቧው እንጂ የቢራው አልነበረም።

ወዳጄ ይህን ሁሉ ስነግረው አላመነኝም። እንፈትን ተባባልን። ቤቴ ውስጥ ጊዮርጊስ፣ ዳሽን፣ ሐበሻና ዋልያ፣ ከእነሱም ጋር ከውጭ የመጣና ዋጋው የነዚህን እጥፍ ድርብ የሚሆን አንድ ጣሳ ቢራ ቀረበ። ባለቤቴ ጓዳ ሆና በአምስት ብርጭቆ ቀድታ ቁጥር ሰጠቻቸው። ወዳጄ ሐቀኛ ሰው ነውና የሚገባውን ልስጠው፤ የውጭውን በመጀመሪያው ጉንጭ ለየው። በጣዕም ደረጃ ሲያወጣ ግን አራተኛ አደረገው። እኔስ? ሃያ ዓመት የጠጣሁትን ዳሽን «ይህ ጊዮርጊስ ነው» ብዬ ማልሁ። ባለቤቴ ስትስቅ ብርጭቆ ሊወድቅባት ነበር። ጠበቃው ደንበኛውን በመልኩ አያውቀውም ማለት ነው! እፍረቴን ሳልደብቅ የምጽፈው አንድ ነገር ስላስተማረኝ ነው። ከምላሳችን ይልቅ የሚጠጣልን ዓይናችን ነው፤ እኔም ብሆን የራስ ዳሽንን ስም እጠጣ ኖሬአለሁ።

ዓይናችንን እንዲህ ያሠለጠነው ማን እንደሆነ ግልጽ ነው። ጠጅ በሥነ ጽሑፋችን የመኳንንት አዳራሽ አለው፤ ጠላ ዘፈን አለው፤ አረቄም ቢሆን ተስፋ የቆረጠ ገጸ ባሕርይ አያጣም። ቢራ ግን፣ በነስብሐት ገብረ እግዚአብሔር የውቤ በረሃ ገጾች ላይ ብቅ ከማለቱ በቀር፣ የነበረው ማስታወቂያ ነው። ሄኒከን ሐረርንና በደሌን እ.ኤ.አ. በ2011 ገዛ፤ ዲያጆ በ2012 ሜታን ወሰደ፣ አሥር ዓመት ቆይቶ ለካስቴል ቤት አሳልፎ ሰጠው፤ ዋልያና ሐበሻ ተከታትለው ገቡ። በነዚያ ዓመታት ቴሌቪዥኑን ስንከፍት የምናየው ተራራ፣ ሯጭ፣ አንበሳና ጭፈራ ነበር። ከዚያ የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከራዲዮና ከቴሌቪዥን፣ ከጎዳና ሰሌዳም አወረደው። ብዙ ሰው ስለ ፕሮግራሞች ስፖንሰር መጥፋት አዘነ። እኔ ግን ቢራ ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ አፉ እንዲናገር ተተወ ብዬ ደስ አለኝ። ርካሽና ውድ የሚለው መለያ ግን ከሰሌዳው ጋር አብሮ አልወረደም። የ2012ቱ የኤክሳይስ ሕግ፣ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛው ሆፕስ፣ በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን የተተወው ብር፣ በዚያ ላይ የሆቴሉ ሶፋና ሙዚቃ፣ ሁሉም ዋጋው ውስጥ ተቀምጠዋል። አብልጠን ስንከፍል ብዙ ጊዜ የምንጠጣው ሶፋውን ነው።

ይህን ያህል ከተሟገትሁ በኋላ ወደ ደልጊ መመለስ አለብኝ፤ ጥብቅናዬ የሚፈተነው እዚያ ነውና።

መብራት ገብቶ ግሮሰሪዎቹ ፍሪጅ ካቆሙ በኋላ የእናቴ አግዳሚዎች እየሳሱ ሄዱ። ጎረምሶቹ ከጣሳው ቤት ወደ ጠርሙሱ ቤት ተሻገሩ። ባሕር ዳር ላይ እኔን ያሳፈረኝ ያው ቢራ ደልጊ ላይ የክብር ምልክት ሆኖ ቆየኝ። አንድ ዓሣ አጥማጅ፣ ከታንኳው ወርዶ ወደ ግሮሰሪ ከገባ በኋላ ሂሳቡን ሲከፍል «ዛሬ ሦስት ቀረሶ ጠጣሁ» ሲል ሰምቻለሁ። እየሳቀ ነበር የተናገረው፤ ሚስቱ ግን እንደማትስቅ አውቃለሁ። ርካሽ ማለት ለማን ርካሽ? ለደመወዝተኛው የአንድ ሰዓት ሥራ የሆነው ለእሱ የግማሽ ሌሊት መረብ ነው።

እናቴን አንድ ቀን «እማዬ፣ ሰዉ ጠላሽን ጠላው እንዴ?» አልኋት።

«አልጠላውም ልጄ» አለችኝ፤ «ጠርሙስ ይዞ መታየት ወዶ ነው እንጂ።»

ያን ጊዜ ባሕር ዳር ያለው ገጣሚ ወዳጄና የደልጊው ጎረምሳ አንድ ሰው መሆናቸው ገባኝ።

እሷ እንደ እኔ በነገር ተወጥራ አልቀረችም። ከጠላዋ ትርፍ አጠራቅማ አንድ ሳጥን ቢራ አስገባች። ለባዶው ሳጥንና ለጠርሙሱ ማስያዣ ከፈለች፤ አንድ ጠርሙስ ሲሰበር የአምስቱ ትርፍ አብሮት እንደሚፈስ በሳምንቱ ተማረች። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን በተነሣው ጦርነት መንገድ ሲዘጋ ሳጥኑ ይጠፋል፤ ጋኑ ግን አይጠፋም፤ ያን ሰሞን ጎረምሶቹ ወደ አግዳሚው ይመለሳሉ። ጊዮርጊስ ተጠጥቶ ባዶው ሲቀር መሬት ላይ ተጋድሞ እንዲታይ አትፈቅድም፤ ሰማዕቱ ከነፈረሱ ወድቆ ማየት አይሆንላትምና አንሥታ ታቆመዋለች።

ሰላም በሆነ ሰሞን ልጠይቃት ሄጄ ቢራውን አብረን ቀመስን። ጥቂት አፏ ውስጥ ይዛ ቆየችና «ብቅሉ ደኅና ነው፤ ጌሾው ግን የት አለ?» አለች። ጌሾ እንደሌለውና ምሬቱ ሆፕስ ከሚባል የፈረንጅ አበባ እንደሚመጣ ነገርኋት። «አበባ?» ብላ ሳቀች። ቀጥላ ከጋኑ ቀድታ ሰጠችኝ። ወይራ የታጠነ ጋን፣ የዳጉሳ እንኩሮ፣ የዘጌ ጌሾ። ቀጭኑን ቅራሪ አልነበረም የሰጠችኝ፤ ዋናውን ነው። ጠርሙሱ ከአንዱ ቀን ወደ ሌላው ቃሉን ይጠብቃል፤ የእናቴ ጠላ ግን አይጠብቅም፤ አንድ ሳምንት ይጎመዝዛል፣ አንድ ሳምንት ደግሞ እንዲህ ይሆናል። በዋጋ ደረጃ ከመጣን፣ ለሽያጭ ከቀረበው መጠጥ ሁሉ ያን ቀን ከእሱ የሚረክስም የሚሻልም አልነበረም። ዳሽንን አልካድሁም። የእሱ ጥብቅና እንደጸና ነው፤ ችሎቱ ግን ባሕር ዳር ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

ስለ አምስቱ ብርጭቆ ነገርኋት። ስድስተኛ ሊጨመር ይገባል አለች እንጂ አልሳቀችም። በነጋታው ስነሣ አንድ ባዶ የቢራ ጠርሙስ አጥባ፣ ጠላ ሞልታ፣ አፉን በቆረቆንዳ ውትፍ አድርጋ አዘጋጅታ ቆየችኝ። እንዳይፈነዳ በየመንገዱ ውታፉን ላላ እንዳደርግለት መከረችኝ። መኪናው ሊነሣ ሲል ደግሞ በመስኮቱ ተጠግታ፣

«ልጄ፣ ጠርሙሱን እዚያው እንዳታስቀረው» አለችኝ፤ «ማስያዣ አለበት።»