ሁለት ሞተር ያለውን መኪና ለምትሸጡልን

በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በዋሽንግተን ዲሲ ያገለገለ መኪና ለምትሸጡ ወገኖቼ፣

ከፊሎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። የማታውቁኝም ብትሆኑ ከግቢያችሁ የወጡትን መኪኖች እኔ አውቃቸዋለሁ፤ አሌክሳንድሪያ የምሠራበት ጋራዥ ሊፍት ላይ ይወጣሉ። የምጽፍላችሁ ስለ ሁሉም አይደለም። ካምሪ ስትሸጡ ምንም የምለው የለኝም። የምጽፈው ቤንዚንም እየጠጣ፣ ግድግዳ ላይ ተሰክቶም ቻርጅ ስለሚደረገው ቅንጡ ኤስዩቪ ነው፦ ቮልቮ ኤክስሲ90 ቲ8፣ ቢኤምደብሊው ኤክስ5፣ ሬንጅ ሮቨር፣ ጂፕ ግራንድ ቼሮኪ ፎር ባይ ኢ፣ የመሳሰሉት። ፕለግ-ኢን ሃይብሪድ የሚባሉት።

እነዚህ መኪኖች በግቢያችሁ ለምን እንደበዙ ይገባኛል። ሊዛቸው ሲያልቅ ወደ ኦክሽን ይጎርፋሉ፣ ዋጋቸው ቶሎ ይወርዳል፣ ታጥበው ሲቆሙ አዲስ ይመስላሉ። ኡበር ብላክ ሊሠራ ያሰበ ወንድማችን ጥቁር ኤስዩቪ ይፈልጋል፤ እናንተ ደግሞ «ሃይብሪድ ነው፣ ነዳጅ አይበላም» ትሉታላችሁ። ይህን ስትሉ ግን የምትሸጡለት የቶዮታን ስም ነው። የእኛ ታክሲ ነጂዎች በፕሪየስና በካምሪ ሃይብሪድ ልጅ አሳድገዋል፣ ቤት ገዝተዋል። ስለዚህ ሃይብሪድ ሲባል ልባቸው ያርፋል፣ ሌላ ጥያቄ አይጠይቁም።

ኮንሲዩመር ሪፖርትስ የተባለው የሸማቾች ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ከመኪና ባለቤቶች በሰበሰበው መረጃ፣ ተራው ሃይብሪድ ከቤንዚን መኪና በ26 በመቶ ያነሰ ችግር ነበረበት። ቻርጅ የሚደረገው ሃይብሪድ ግን 146 በመቶ የበለጠ ችግር ታየበት። በሚቀጥለው ዓመት ልዩነቱ ወደ 70 በመቶ ወረደ። ወረደ ቢባልም፣ የገዢው ወንድማችን ልብ ያረፈው በአንደኛው ቁጥር ነው፤ ቁልፉን የተቀበለው የሁለተኛውን ነው።

ኮፈኑን ለከፈተ ሰው ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፕሪየስ ከ1997 ጀምሮ ሲሻሻል የኖረ አንድ ሐሳብ ነው፤ ባትሪው ትንሽ፣ ማርሹም ቀላል ነው። ቲ8ን እንይ። ከፊት ሁለት ሊትር ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር አለው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሞዴሎች ላይ ቱርቦም ሱፐርቻርጀርም ተጭኖበታል። ባለ ስምንት ማርሽ ካምቢዮ አለው። የኋላውን ጎማ የሚያዞረው ለብቻው የተቀመጠ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። መሐል ወለሉ ላይ ባትሪ ተኝቷል። በዚህ ላይ ከግድግዳ የሚመጣውን ኤሌክትሪክ የሚቀይር ቻርጀር፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማሞቂያ፣ በኤሌክትሪክ የሚዞር የኤሲ ኮምፕሬሰር፣ ለእያንዳንዱ ደግሞ ፓምፕ፣ የውኃ መስመርና ሶፍትዌር። የቤንዚን መኪና የሚታመመውን ሁሉ ይታመማል፤ የኤሌክትሪክ መኪና የሚታመመውንም ይጨምርበታል።

ባለፈው ሰመር አንድ ወጣት ሹፌር መኪናውን በጭነት አስመጣልኝ። ከአውሮፓ ቅንጡ መኪኖች አንዱ ነው፤ ማን እንደሸጠለት ነግሮኛል፣ እዚህ ግን አላነሳውም። ቅድመ ክፍያውን የከፈለው ዕቁብ ደርሶት ነው። ከገዛ ብዙም ሳይቆይ ዳሽቦርዱ ላይ የሃይብሪድ ብልሽት የሚል ጽሑፍ መጣ፤ ከዚያ ወዲያ ቁልፉን ቢጫን መኪናው አልነሣ አለ። ባትሪው ተበላሽቷል ብሎ ነበር የመጣው፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ኮምፒውተሩ ግን የነገረኝ ሌላ ነው፦ የኤሌክትሪክ መከላከያው ወርዷል።

ይህን ትንሽ ላብራራው፣ ምክንያቱም ለሁላችሁም ይጠቅማል። በተለመደው መኪና የኤሲ ኮምፕሬሰር በቺንጋ ነው የሚዞረው። በዚህኛው ግን ኮምፕሬሰሩ ሆድ ውስጥ በመቶዎች በሚቆጠር ቮልት የሚሠራ ሞተር አለ፤ ጋዙና ዘይቱ የሞተሩን ሽቦ እያጠቡ ነው የሚያልፉት። ስለዚህ ዘይቱ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ልዩ ዓይነት መሆን አለበት፤ ፒኦኢ ይባላል። ለተራ መኪና የሚደረገው ፓግ የሚባለው ዘይት ጥቂት እንኳ ቢገባበት መከላከያው ይደክማል። መኪናው ከባትሪው ወደ ቦዲው ኤሌክትሪክ እንዳያመልጥ ሁልጊዜ ይለካል፤ ልኬቱ ሲወርድበት ሰው እንዳይጎዳ ብሎ ራሱን ያጠፋል። የልጁ መኪና ኤሲው እያፈሰሰ ነበር፤ ለሽያጭ ሲዘጋጅ ቀዳዳው ሳይፈለግ ከሱቅ በተገዛ ጣሳ ጋዝ ከነዘይቱ ተሞላበት። ያንን ዘይት ከመስመሩ ሁሉ አጥቦ ማውጣት አይቻልም። ኮምፕሬሰሩም፣ ኮንደንሰሩም፣ ቱቦዎቹም ተቀየሩ። የጥገናው ሒሳብ ለቅድመ ክፍያ የሰጠውን ዕቁብ አለፈ።

ጣሳውን የሞላው ሰው ክፉ ነው ብዬ አላምንም። አላወቀም። ነገር ግን የማያውቀውን መኪና «ምንም የለበትም፣ እኔ ልሙት» ብሎ ሸጧል። እነዚህ መኪኖች ውስጥ ኤሲው የባትሪውም ማቀዝቀዣ መሆኑን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ኤሲው ሲደክም በኤሌክትሪክ መሄዱም ይቀራል። በነገራችን ላይ ከፍተኛ ቮልት የሚያልፍበትን ብርቱካናማ ኬብል ያለ ሥልጠናና ያለ ላስቲክ ጓንት የሚነካ የጓሮ መካኒክ ካላችሁ ዛሬውኑ አስቁሙት፤ እሱ የገንዘብ ጉዳይ አይደለም።

ሌሎቹ ችግሮች አነስ ያሉ ናቸው። ቻርጀሩ ይሞታል፣ ማሞቂያው ይሞታል፣ ትንሿ 12 ቮልት ባትሪ ስትደክም ዳሽቦርዱ የማያውቀውን ሁሉ መዘባረቅ ይጀምራል። ሞተሩ ሳይሞቅ እየጠፋ ስለሚነሣ ቤንዚንና እርጥበት ዘይቱ ውስጥ ይገባል፤ ጂፕ ለዚህ ብሎ ሞተሩን በግድ አስነሥቶ የሚያሠራ ፕሮግራም አስገብቶበታል፣ ባለቤቱ ግን ተበላሸ ብሎ ይደውልልኛል።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። በኖቬምበር 2025 ጂፕ አሜሪካ ውስጥ ከ320,000 በላይ ራንግለርና ግራንድ ቼሮኪ ፎር ባይ ኢ መኪኖችን በባትሪ እሳት ሥጋት ሪኮል አደረገ። ባለቤቶቹ የተነገራቸው ቻርጅ እንዳያደርጉና ከሕንፃ ርቀው ውጭ እንዲያቆሙ ነው። ቀደም ባለው ሪኮል ሶፍትዌር ተጭኖላቸው «ተስተካክሏል» የተባሉትም አልቀሩም። በጁን 2025 ደግሞ ቮልቮ ከ11,000 በላይ ኤሌክትሪክና ፕለግ-ኢን መኪኖችን ጠራ፤ ኤክስሲ90ም አለበት። ሶፍትዌሩ ያልታደሰ መኪና ነዳጁን ሳይነካ ቢያንስ ለ1 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ቁልቁለት በቢ ማርሽ ከወረደ በኋላ ፍሬን ሊያጣ ይችላል። ከሼናንዶዋ ተራራ ቤተሰብ ጭኖ የሚወርድ ሰው ይህን ማወቅ አለበት፤ መድኃኒቱም በነጻ የሚጫን ሶፍትዌር ነው።

ሕጉ እዚህ ላይ ነው ጥሎን የሚሄደው። ሪኮል ያለበትን አዲስ መኪና ዲለር መሸጥ አይችልም። ከ35 በላይ መኪና ያለው አከራይ ድርጅት ሪኮሉን ሳያሠራ ለአንድ ቀን እንኳ ማከራየት አይችልም። ያገለገለ መኪና ሻጭ ግን ሪኮል እንዳለበት ለዘለቄታው ቢሸጥ የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ የለም። መስኮቱ ላይ የምትለጥፉት የገዢ መመሪያ ወረቀት ዋራንቲ አለው ወይስ እንዳለ ነው የሚሸጠው የሚለውን ይናገራል። ሽያጩ በስፓኒሽ ከተደረገ ወረቀቱም በስፓኒሽ መሆን አለበት። ሽያጩ በአማርኛ ሲደረግ ግን የሚጠብቀን ወረቀት የለም። እናንተ በአማርኛ ታሳምናላችሁ፣ ገዢው በአማርኛ ያምናል፣ የሚፈርመው በእንግሊዝኛ ነው። የሰማው «ዋራንቲ አለው» የሚል ነው፤ ቨርጂኒያ ውስጥ የፈረመው ግን ብዙ ጊዜ «እንዳለ» የሚል ነው።

ዋራንቲ የምትሉትም ቢሆን ሙሉውን አትነግሩትም። በአብዛኞቹ ላይ የባትሪው ዋስትና 8 ዓመት ነው፤ የሚቆጠረው ግን የመጀመሪያው ባለቤት ቁልፉን ከተቀበለበት ቀን ጀምሮ ነው። የቀረው የመኪናው አካል በቮልቮና በቢኤምደብሊው ለ4 ዓመት ወይም ለ50,000 ማይል ነው። ሊዙን ጨርሶ የመጣ መኪና ከዚህ የቀረው ትንሽ ነው። የባትሪው 8 ዓመት ደግሞ ኮምፕሬሰሩንና ማሞቂያውን ሁሉ ይሸፍናል ማለት አይደለም። የሚበላሹት ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው።

ሌላም ነገር አለ፤ እንዲያውም የሚያበሳጨኝ ይኸኛው ነው። የብድር ቅጹን የምትሞሉት እናንተ ናችሁ። አድራሻው ላይ የአፓርትመንት ቁጥር ትጽፋላችሁ። ሲልቨር ስፕሪንግ አምስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው መኪናውን የት ሊሰካ ነው? ቻርጅ የማያደርገው ከሆነ በየቀኑ ከባድ ባትሪና የማይጠቀምበትን የኤሌክትሪክ ሞተር ተሸክሞ በቤንዚን ይነዳል። ጂፑ ከሆነማ ሪኮሉ እስኪሠራ ከሕንፃ ርቆ መቆም ያለበት መኪና፣ ሦስት መቶ ቤተሰብ ከሚተኛበት ሕንፃ ሥር ባለው ፓርኪንግ ሊያድር ነው። ከእናንተ በስተቀር ይህን አስቀድሞ ማየት የሚችል የለም።

አንዳንዶቻችሁ «እኛ ትንንሽ ሰዎች ነን፣ ከኦክሽን የገዛነውን ነው የምንሸጠው፣ ሁሉን ከተናገርን ማን ይገዛናል?» ትሉኛላችሁ። ኪራዩንም ወለዱንም አውቃለሁ። መኪናው መጥፎ ነው እንድትሉም አልጠይቅም፣ ምክንያቱም አይደለም። ሎርተን ወይም ቦዊ የራሱ ጋራዥ ላለው፣ ማታ ሰክቶ ጠዋት ለሚነቅለው፣ ዋራንቲው ላልተነካ ሰው ደስ የሚል መኪና ነው፤ እኔም ለእንዲህ ያለው ሰው «ውሰደው» ብዬ አውቃለሁ። ጥያቄዬ ለማን እየሸጣችሁት ነው የሚለው ነው። አገር ቤት ገበያ የወጣ ገበሬ እንኳ በሬው ተዋጊ ከሆነ ሳይናገር አይሸጥም።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህ ነው። መኪናውን ለሽያጭ ከማቆማችሁ በፊት የቪን ቁጥሩን የፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ገጽ ላይ አስገቡት፤ በነጻ ነው፣ አንድ ስኒ ቡና ሳይበርድ ያልቃል። ሪኮል ካለበት የፋብሪካው ዲለር ጋ ውሰዱት፣ አያስከፍሉም። ማስተካከያው ገና ያልወጣ ከሆነ አቆዩት፣ ማቆየት ካልቻላችሁ ለገዢው በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ስጡት። ማታ ሰክታችሁ አሳድሩት። ጠዋት ገዢው ሲመጣ ሞተሩ ቀዝቃዛ እንደሆነ በኤሌክትሪክ ብቻ ይንዳው፣ ኤሲውን ይክፈት፣ ማሞቂያውንም ይክፈት። ኤሲው የሚያፈስ ከሆነ ጣሳ አትግዙ፤ ሥልጠና ያለው ሰው ጋ ውሰዱት፣ አለዚያም ያፈሳል ብላችሁ ዋጋውን ቀንሱ። «የት ነው ቻርጅ የምታደርገው?» ብላችሁ ጠይቁት፤ መልስ ካጣ ከጎኑ የቆመውን ሃይላንደር አሳዩት። ትርፉ ቢያንስም ሰውየው ወንድሙን ይዞ ይመለሳል።

እኔም የድርሻዬን ላድርግ። በእኛ ጋራዥ በዘይት መቀየሪያው ተራ መሐል እንዲህ ያለ መኪና ይዛችሁ ብትመጡ የኤሌክትሪክ መከላከያውን፣ የባትሪውን ጤንነትና የቀረውን ዋራንቲ ዓይቼ በአንድ ገጽ በአማርኛ እጽፍላችኋለሁ። ሒሳቡ ከኦክሽን ክፍያችሁ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም። ገጹን ከእንግሊዝኛው ወረቀት ጎን መስኮቱ ላይ ለጥፉት፤ ገዢው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ያንብበው።

ከአክብሮት ጋር፣
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
የእናንተው መካኒክ