ዞሮ ዞሮ ከቤቱ የሚገባ ቁጥር

በብዙ ቤት የሚሰማ አንድ አነጋገር አለ። ልጅቱ የሂሳብ ደብተሯን ይዛ ስትቀርብ «ተይኝ ልጄ፣ እኔም ሂሳብ አይገባኝም ነበር» ትባላለች። ቃሉ የሚነገረው ልጅቱን ለማጽናናት ነው። እሷ የምትይዘው ግን ሌላ ትምህርት ነው፤ ይኸውም አለመቻል ከእናት የሚወረስ መሆኑን ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ ከልጅዎ ጋር የሚሞክሩት አንድ ቁጥር እናቀርብልዎታለን። ቁጥሩ 142857 ነው። የሚያስፈልገው እርሳስና ወረቀት፣ እንዲሁም የማባዛት ችሎታ ብቻ ነው።

በመጀመሪያ በ2 ያባዙት፤ 285714 ይሆናል። በ3 ሲባዛ 428571፣ በ4 ሲባዛ 571428፣ በ5 ሲባዛ 714285፣ በ6 ሲባዛ ደግሞ 857142 ይሰጣል። ልጅዎ ውጤቶቹን ከላይ ወደ ታች ጽፋ ትመልከታቸው። አሃዞቹ እነዚያው ስድስቱ ናቸው፤ ተራቸውም አልተፋለሰም። ከፊት ያለው ወደ ኋላ ሄዶ ይሰለፋል እንጂ አንዱ በሌላው መሀል አይገባም። በ7 ሲባዛ ግን ስድስት ዘጠኞች ብቻ ይመጣሉ፤ 999999።

ልጅዎ «ለምን?» ብላ ብትጠይቅ፣ ምሥጢሩ ያለው 1ን ለ7 በማካፈል ላይ ነው። 10 ለ7 ሲካፈል 1 ደርሶ 3 ይቀራል፤ 30 ለ7 ሲካፈል 4 ደርሶ 2 ይቀራል። እንዲህ እያለ ቀሪው 6፣ 4፣ 5 ሆኖ በመጨረሻ ወደ 1 ይመለሳል። የደረሱት አሃዞች በተራ ሲጻፉ 1፣ 4፣ 2፣ 8፣ 5፣ 7 ናቸው። ከዚያ ሁሉም እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል፤ ዞሮ ዞሮ ከቤት ማለት ይህ ነው። 2ን ወይም 3ን ለ7 ሲያካፍሉም የሚሄዱት በዚያው ክብ መንገድ ነው፤ የሚለየው መነሻው ብቻ ነው።

ሌላም አለ። 142857 በራሱ ሲባዛ 20408122449 ይሆናል። ይህን ከሁለት ከፍለው 20408ን ከ122449 ጋር ቢደምሩ ያው 142857 ይመጣል። እንዲህ ያሉ ቁጥሮች የሚጠሩት በሕንዳዊው በዲ. አር. ካፕሬካር ስም ነው። ካፕሬካር እ.ኤ.አ. ከ1930 እስከ 1962 በዴቭላሊ ከተማ ያስተማሩ የትምህርት ቤት መምህር ነበሩ።

ልጅዎ ስትሳሳት አይቆጧት። አንድ አሃዝ ከተራው ከወጣ ስሕተቱን ራሷ ታገኘዋለች፤ የዚህ ቁጥር ትልቁ ጥቅምም ይኸው ነው። እርስዎም መልሱ ቢጠፋብዎ «አይገባኝም» ከማለት ይልቅ «እስቲ አብረን እንየው» ይበሏት። ወንድሟም አጠገቧ ይቀመጥ።

በ8 ሲባዛ የሚሆነውን ለልጅዎ የቤት ሥራ ትተንላታል። ከውጤቱ ላይ የፊተኛውን 1 አንስታ ከቀሪው ቁጥር ጋር ትደምረው።