የሥር ገንዳውን ራሳችን ብንሠራው

የትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክበብ በሚመጣው ዓመት የጨው ውሃ ዓሣና ኮራል የሚኖሩበት የመስተዋት ገንዳ ለማቋቋም አስቧል። አሳቡን ያልደገፈ የለም፤ ክርክሩ የተነሣው ከዋናው ገንዳ ሥር በሚቀመጠው በሁለተኛው ገንዳ፥ በፈረንጅ አፍ ሳምፕ በሚባለው ላይ ነው። ከፊሎቹ «ትርፍ ወጪ ነው» ይላሉ፤ ከፊሎቹ ደግሞ «የተሠራውን ከውጭ አገር እናስመጣ» ይላሉ። እኔ ግን በአጎቴ ቤት እንዲህ ያለውን ገንዳ ሁለት ዓመት ሙሉ ስንከባከብ የቆየሁ እንደ መሆኔ መጠን፥ ሳምፕ የግድ ያስፈልጋል፤ የሚሠራውም በእኛ በተማሪዎች እጅ ነው እላለሁ።

አያስፈልግም የሚሉት ጓደኞቼ አንድ አስረጅ ያቀርባሉ። ይኸውም ሊ ቺን ኤንግ የተባለው የጃካርታ ሰው እ.ኤ.አ. በ1961 ባወጣው ጽሑፍ፥ ኮራልን በሕያው ድንጋይና በአየር አረፋ ማኖር እንደሚቻል ማስረዳቱ ነው። እውነት ነው። ነገር ግን ያ ሰው የባሕር ጎረቤት ነበር፤ እኛ ያለነው አዲስ አበባ፥ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለ ሆነ፥ ውሃ የሚይዘው ኦክሲጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ጨዋማ ውሃ ደግሞ ጨው ከሌለው ያነሰ ይይዛል። እንግዲህ የባሕሩ ፍጥረት ያለችውን ትንፋሽ እንኳ እንዲያገኝ፥ ውሃው ሳያቋርጥ እየወረደና እየወጣ ከአየር ጋር መገናኘት አለበት። የሳምፕ ዋና ሥራው ይህ ነው። ማሞቂያውና እድፉን በአረፋ የሚያወጣው መሣሪያም እዚያው ይሸሸጋሉ።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። መስተዋት ቆራጭ በልኩ የቆረጠውን ሻጋታ መከላከያ መድኃኒት በሌለበት ሲሊኮን ማጣበቅ፥ በውስጡም አረፋ የሚያስቀሩ ግድግዳዎችን ማቆም፥ ከዚያም አንድ ሳምንት ማድረቅ ነው። መዳብ ወይም ነሐስ ያለበት ማያያዣ ግን በምንም ምክንያት አይግባ፤ መዳብ ኮራልን ይገድላል።

እውነተኛው ችግር መብራት የጠፋ ዕለት ነው። ፓምፑ ሲቆም ከላይኛው ገንዳ ጠርዝ በላይ ያለው ውሃ ሁሉ ወደ ታች ይወርዳል፤ የመመለሻው ቱቦም በሲፎን ኃይል ወደ ኋላ ይስባል። ገንዳው 100 በ50 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፥ ውሃው አንድ ሴንቲ ሜትር በወረደ ቁጥር 5 ሊትር ይወርዳል፤ ሦስት ሴንቲ ሜትር ቢወርድ 15 ሊትር ነው። ሳምፑ 60 በ40 ከሆነ ይህ ውሃ በውስጡ ከ6 ሴንቲ ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ይህን ባዶ ቦታ ያልተወ ሰው ወለሉን በጨው ውሃ ያጥባል። በመመለሻው ቱቦ ላይ ከውሃው ፊት ጥቂት ዝቅ ብላ የምትበሳ ትንሽ ቀዳዳ አየር አስገብታ ስበቱን ትቈርጣለች። ውሃን በአንድ ወገን ብቻ ያሳልፋል የሚባለውን ቫልቭ እኔ አላምነውም፤ ቀንድ አውጣ ወይም የኖራ ቅርፊት ከገባበት አይዘጋም።

ከውጭ የሚመጣው ሳምፕ ያምራል፤ ሆኖም የተለካው ለሌላ ሰው ቁም ሣጥን ነው፤ በእኛ ሠፈር መብራት በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚጠፋም የሚያውቀው ነገር የለም። ሂሳቡን ራሱ ያሰላ ተማሪ ግን ሌሊት ቢጠራ እንኳ የትኛው ቱቦ የት እንደሚሄድ ያውቃል።

ከውሃው የሚተነው ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው፤ ጨው ይቀራል። ስለዚህ በየቀኑ የሚጨመረው ጨው የሌለው የተጣራ ውሃ ነው፤ ይህን የሚያደርግ ተረኛ በእረፍት ወራትም መመደብ አለበት። ይህ ካልተቻለ ኮራሉ ባይመጣ ይሻላል። የሚመጣም ከሆነ በገንዳ ውስጥ ካደገ ኮራል የተቈረጠ ይሁን እንጂ ከባሕር የተነቀለ አይሁን።

ወላጆች ስለ ኤሌክትሪኩ ቢሰጉ አይፈረድባቸውም። ሶኬቶቹ ከሳምፑ ከፍ ብለው ይተከሉ፤ ገመዱም ወደ ሶኬቱ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ተንጠልጥሎ ይመለስ፤ በገመዱ ላይ የሚወርድ ጠብታ እዚያው ይንጠባጠባልና።

በመጀመሪያው ቀን የሚሞላው ተራ የቧንቧ ውሃ ነው። ሶኬቱ በመምህራችን ፊት ሦስት ጊዜ ይነቀል፤ ወለሉ ደረቅ ሆኖ ከተገኘ ያን ጊዜ ጨው ይገዛ።