«ሠራዊት ውስጥ አገልግለዋል?» ተብሎ ይጠየቅልን



ባለፈው የደመራ ዕለት ማታ ልጆች ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ርችት ሲተኩሱ የሆነውን ያየ አይቷል። ሁላችንም የምናከብራቸው አንድ አባት፣ ስማቸውን እዚህ አንጽፍም፣ ከነነጠላቸው ቦይ ውስጥ ወደቁ። ወደቁ ስንል ተሰናክለው አይደለም፤ ወታደር ተኩስ ሲሰማ እንደሚያደርገው በደረታቸው ተኙ እንጂ። ከዚያ ተነሥተው ልብሳቸውን አራግፈው ማንንም ሳያነጋግሩ ቤታቸው ገቡ። ሦስት ቀን አልወጡም። የሳቀ ሰው ነበር። ከኮሚቴያችንም ፈገግ ያልን ነበርን፤ አሁን ስናስበው ያሳፍረናል።

እንደሚታወቀው በዚህ ሰፈር ጦር ሜዳ ሰው ያልላከ ቤት ጥቂት ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በምሥራቅ ግንባር የተዋጉ አሉ። በሰሜን ለዓመታት ምሽግ ውስጥ ኖረው በግንቦት 1983 ሠራዊቱ ሲበተን በእግራቸው አገር አቋርጠው የገቡ አሉ። ከ1990 እስከ 1992 ከኤርትራ ጋር በተደረገው ጦርነት የነበሩም አሉ። ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት እስከ ተፈረመበት ጊዜ ድረስ ከቆየው ጦርነት የተመለሱት ደግሞ ገና ልጆች ናቸው። የትኛው ጦርነት ትክክል ነበር፣ ማን ከየትኛው ወገን ተሰለፈ የሚለውን በዚህ ሰሌዳ ላይ አንከራከርበትም። እኛ የምንጽፈው ስለ እንቅልፋቸው ነው።

እግሩን ያጣውን ሰው እናውቀዋለን፤ ታክሲ ላይ ቦታ እንለቅለታለን። ይኸኛው ጉዳት ግን አይታይም። ሌሊት እየጮኸ ይነቃል፣ የቆርቆሮ በር ሲላተም ይበረግጋል፣ ሰው የበዛበት ቦታ ስለሚጨንቀው ሠርግም ለቅሶም ይቀራል፣ በትንሽ ነገር ይቆጣል፣ ካቲካላ ካልቀመሰ አይተኛም። እኛ «ጠባዩ ተበላሸ» እንላለን። ባለሙያዎች ድኅረ አደጋ ጭንቀት ይሉታል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ይህን ስም በበሽታዎች መዝገቡ ውስጥ ያስገባው በ1980 እ.ኤ.አ. ነው፤ ለዚህም ከቬትናም የተመለሱ ወታደሮች ብዙ ተሟግተዋል። በርግጥ በሽታው የወታደር ብቻ አይደለም። የተደፈረችም፣ ቤቷ የተቃጠለባትም ይይዛታል። ይሁንና የዛሬው ነገራችን ስለ ተመላሾቹ ነው።

እነዚህ ሰዎች ወደ ጤና ጣቢያ አይሄዱም እንዳይባል ይሄዳሉ። ግን ማን «ጦርነቱ በሕልሜ ይመጣብኛል» ብሎ ይናገራል? «ራሴን ያመኛል፣ ጨጓራዬን ያቃጥለኛል» ይላሉ፤ የጨጓራ መድኃኒት ይሰጣቸዋል፤ ከወር በኋላ ያንኑ ይዘው ይመለሳሉ። ከኮሚቴያችን አባላት የአንዱ ወንድም እንዲህ ሲመላለስ ዓመታት አለፉ። በዚያ ሁሉ ጊዜ «ውትድርና ነበርክ ወይ?» ያለው ባለሙያ አንድም አልነበረም። እሱም አልተናገረም።

በአሜሪካ ለተመላሽ ወታደሮች የተለየ ሆስፒታል አለ። ቢሆንም ብዙዎቹ እንደ ማንም ሰው ተራ ሐኪም ዘንድ ስለሚታከሙ፣ የነርሶች አካዳሚያቸው በ2013 እ.ኤ.አ. አንድ ዘመቻ ጀመረ፤ ይኸውም ሲቪል ሐኪሞችና ነርሶች በሽተኛውን «ሠራዊት ውስጥ አገልግለው ያውቃሉ?» ብለው እንዲጠይቁ ነው።  ወጪው ስንት ነው? የካርዱ አንድ መስመር።

እኛም ይህንኑ እንጠይቃለን። ጥያቄው በካርዱ ላይ ይግባ፤ ነገር ግን በመስኮት በኩል ሰልፈኛው እየሰማ ሳይሆን ምርመራ ክፍል ውስጥ፣ በር ተዘግቶ ይሁን። «አዎ» ያለውን ሰው ስለ እንቅልፉ፣ ስለ መጠጡ፣ ራሱን ስለ ማጥፋት አስቦ እንደ ሆነም ቀስ ብሎ መጠየቅ ይከተላል።

አንድ ጎረቤታችን «ጠይቀው ምን ሊያደርጉለት?» አሉን። ጥሩ ጥያቄ ነው። የአእምሮ ሕክምና ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው አማኑኤል ሆስፒታልን ብቻ ነው፤ ለረጅም ዘመንም በአገሪቱ ሌላ የአእምሮ ሆስፒታል አልነበረም። አሁን ግን የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በጤና ጣቢያ ያለ ነርስም ሆነ ጤና መኮንን ሠልጥኖ ይህን ሕመም እንዲለይና እንዲረዳ ይፈቅዳል፤ በአገራችንም በዚሁ መመሪያ ሥልጠና ተሰጥቷል። ከሁሉ የሚሻለው ሕክምና ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር የሚደረግ ንግግር ሲሆን፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ሆኖ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 15 ቀጠሮ ይፈጃል። እንደ ሰርትራሊን ያሉ መድኃኒቶችም ይረዳሉ። ዳያዘፓም ግን ለዚህ በሽታ አይመከርም፤ እንቅልፍ ቢያመጣም ሱስ ያስይዛል፣ ከመጠጥ ጋር ሲሆን ደግሞ አደገኛ ነው። (ሲወስድ የቆየ ሰው በራሱ በድንገት እንዳያቆመው፤ ያም አደጋ አለው፤ ሐኪሙን ያማክር።) ጠበል የሚሄድም ይሂድ፣ መድኃኒቱን ግን አይተው።

ስለዚህ ከጥያቄው ጋር በሳምንት ግማሽ ቀን እንኳ ለዚህ ሥራ የተመደበ አንድ የሠለጠነ ባለሙያ እንዲሰጠን እንጠይቃለን። ወደ ሆስፒታል የተላከ ሰውም በእርግጥ መድረሱን የሚከታተል ይኑር። ወረቀት ተሰጥቶት ሳይሄድ የቀረውን ስንቱን እናውቃለን! ለዚህ ደግሞ እድራችንም ይታማል። ለሞተ ሰው ድንኳን እንተክላለን፣ ሦስት ቀን እንቀመጣለን፤ በሕይወት ላለው የታክሲ ሒሳብ ብንሸፍን ደንቡ ይከለክለናል? አንብበነዋል፤ አይከለክልም።

ርችትን በተመለከተ፣ ልጆቹን ደስታ መከልከል አልፈለግንም። ቦታው ከቤቶች ራቅ ብሎ ኳስ ሜዳው ላይ እንዲሆን፣ ሰዓቱም ከአንድ ቀን በፊት በዚህ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ ኮሚቴው ወስኗል። በየቤቱ ለሚመለከታቸው ቀድመው የሚነግሩም ሁለት እናቶች ተመርጠዋል።

የፊታችን ማክሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት ጥያቄያችንን በጽሑፍ ይዘን ወደ ጤና ጣቢያው ኃላፊ እንሄዳለን። ከተመላሾች ወይም ከቤተሰቦቻቸው አብሮን መሄድ የሚፈልግ ካለ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ይጠብቀን። መናገር ግዴታ የለበትም።

የነዋሪዎች ማኅበር ኮሚቴ